የእሁድ ተረኛ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ። የአቶ ሸፊ ቤት ጉድ ግን መስከረምን አልጠበቀም። በጥር ወር፣ ፀሐይ በወጣችበት እሁድ ጠዋት፣ ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች ግቢው ውስጥ ቆመው ትልቋን ልጃቸውን ጀናን ለትዳር እየጠየቁ ሳለ ከላይ ወረደ። ከላይ ስል ከፈጣሪ ማለቴ አይደለም፤ እሱን በሰው ጥፋት አናማውም። ከየት እንደወረደ ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ። መጀመሪያ ጀናና ኑሕ እንዴት እንደተያዩ ይሰማ።

ጀና ያደገችው አቶ ሸፊና ወይዘሮ ዓሊማ ሽሮ ሜዳ በከፈቱት የጋቢና የነጠላ ሱቅ ውስጥ ነው። ሸማኔው ሠርቶ ያመጣውን ጨርቅ ጫፉን ክር በክር እየገመደች የምትቋጨው እሷ ነች። እጇ ፈጣን ነው፤ ምላሷ ደግሞ ከእጇ ይቀድማል። ሃያ አምስት ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀራትም። እናቷ ይህን በልባቸው ያውቁታል፤ በአፋቸው ግን አያወጡትም።

አንድ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ረጅም፣ ትከሻው ትንሽ ጎበጥ ያለ ወጣት ሱቁ በር ላይ ቆመ። ስሙ ኑሕ ነው። ደሴ ለምትኖረው እናቱ ጋቢ እንደሚፈልግ፣ ብርድ እንደማይስማማት ተናገረ። ጀና ከመደርደሪያው ምርጡን አውርዳ ዘረጋችለት። ዘርግታም ደነገጠች። ከጥለቱ አጠገብ እንደ ኑግ ፍሬ የደቀቁ ጥቁር ነጠብጣቦች ተበትነውበታል። በሀፍረት ጣቷን አርጥባ ማሸት ጀመረች።

«ተይው፣ አትሺው» አላት። «ጥላሸት ሲታሽ ይብስበታል። መጀመሪያ አራግፊው፤ የቀረውን በደረቅ ዳቦ ፍርፋሪ ቀስ እያልሽ አንሺው።»

«ልብስ አጣቢ ነህ እንዴ?»

«ቦይለር ላይ ነው የምሠራው። እታች ብርድ ልብስ ፋብሪካው ጋ።» እጁን ዘረጋላት። ጥፍሮቹ ሥር ያለው ጥቁረት ብዙ ሳሙና ያሸነፈ ነው። «እኔን ራሴን እስካሁን አልለቀቀኝም።»

ጀና ሳቀች። ያንን ጋቢ እንደማትሸጥለት፣ ለሚመጣው ዓርብ ንጹሕ አዘጋጅታ እንደምትጠብቀው ነገረችው። በቀጠሮው መጥቶ ገዛ። በሳምንቱ ደግሞ መጥቶ ነጠላ ገዛ። ከዚያ በኋላ ምንም ሳይገዛ ስለ ደሴ ብርድ እያወራ መቆም ጀመረ። አቶ ሸፊ ከሱቁ ጓዳ ሆነው ሲታዘቡ ከረሙና፣ «ይሄ ልጅ ስንት እናት ነው ያለው?» ብለው ሚስታቸውን ጠየቁ።

የኑሕ ዓርብ ታሪክ አለው። ቦይለር ክፍሉ ውስጥ ሙስሊም እሱ ብቻ ነው። ዓርብ ቀትር ላይ መስጊድ ሲሄድ አለቃው ጋሽ በዳሳ በቦታው ይቆሙለታል። እሱ ደግሞ እሁድ ጠዋት ብቻውን ይገባና ጋሽ በዳሳና ሌሎቹ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ማንም አላዘዛቸውም፤ እንዲሁ ተዋደው ያደረጉት ነው። እሁድ ምን እንደሚሠራ ጀና ስትጠይቀው፣ ምርት እንደሌለ፣ ክፍሉን አጽድቶ፣ ምድጃውን ለሰኞ አዘጋጅቶ እንደሚወጣ ነገራት። ልቧ ሞቀ። ማታውኑ ለእናቷ፣ «እንዲህ ያለ ሰው ነው» አለቻቸው። «እንዲህ ያለ ማለት እንዴት ያለ?» ብለው ወይዘሮ ዓሊማ ፊቷን ሲያዩዋት ውሃ ላምጣ ብላ ወጣች።

ነጠላ ሲቋጭ ሌላኛውን ጫፍ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ጨርቁ ከላላ ቋጠሮው ይጣመማል። ከጊዜ በኋላ ዓርብ ዓርብ ያንን ጫፍ የሚይዘው ኑሕ ሆነ። በመካከላቸው የነጠላ ርዝመት አለ፤ እጃቸው አይነካካም። ግን እሷ ክሩን ስትስብ እሱ ጋ ይደርሳል፣ እሱ ሲተነፍስ እሷ ጣት ላይ ይታወቃል። «አጥብቀህ ያዝ» ትለዋለች ቀና ሳትል። ያጠብቃል። አንዳንዴ ሁለቱም ጨርቁን ብቻ ሲያዩ ይቆዩና፣ በመጨረሻ ቀድማ ቀና የምትለው እሷ ናት። ያኔ እሱ እያያት ነበር።

ቤት ውስጥ ግን ይህን ደስታ የሚያጎድል ነገር ነበር። የጀና ታናሽ እህት ሩፋይዳ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ አስም አለባት። ሳምንቱን ደህና ትሰነብትና እሁድ ጠዋት ትንፋሿ ይያዛል። ደረቷ ያፏጫል፣ ከንፈሯ ይጠቁራል፣ የአስም መድኃኒት መንፊያዋን ስባ የጀናን አንገት አቅፋ ትቀመጣለች። ጤና ጣቢያ የምታያት ዶክተር ሄራን፣ አየሩ ውስጥ የሚያስቆጣት ነገር እንዳለና ከብናኝ እንዲያርቋት ነገረቻቸው።

ብናኝ ሲባል ጨርቅ ነጋዴ ቤት የሚታሰበው አንድ ነገር ነው፤ ጥጥ። ሸማኔዎቹ የሳምንቱን ሥራ የሚያስረክቡት ቅዳሜ ነው። ጀና ቅዳሜ ከሰዓቱን ሙሉ ቤት ተቀምጣ ስትቋጭ ትውላለች፤ በማግስቱ ልጅቷ ትታመማለች። ይህ ምን ምስክር ይፈልጋል? እህቴን የማፍናት እኔ ነኝ አለች ጀና፤ አምናም ተቀበለችው።

ጭስን የጠረጠረ አልነበረም። የሚኖሩበት ቀጨኔ ሸክላ የሚተኮስበት ሰፈር ነው፤ የጭስ ሽታ እዚያ ለማንም አዲስ አይደለም። ከግቢያቸው በታች፣ ከገደሉ ሥር ወንዙ ዳር ያለው፣ ኑሕ የሚሠራበት ፋብሪካም እሁድ በሩ ዝግ ነው፣ ሲረኑም አይጮህም። በዚያ ላይ እሁድ የሽሮ ሜዳ ገበያ ስለሚደምቅ እናትና አባቷ በጠዋት ይወጣሉ። ጀና ደግሞ ብርድ እንዳይመታት ብላ በርና መስኮቱን ዘግታ ታማሚዋን ታቅፋ ትቀመጣለች። እንዲያውም በዚያ ጭንቀት ውስጥ የምትጽናናበት አንድ ሐሳብ ነበራት። ኑሕ አሁን እዚሁ ከሥሬ ነው፣ ብጠራው የሚሰማኝ ያህል ቅርብ ነው ትላለች። ቅርብ ነበር። እንደዚያ ቅርብ መሆኑን ግን አታውቅም።

ችግሯን ለኑሕ ነገረችው። ጥጡን በሙሉ ከቤት አውጪው አላት። እሱ ራሱ ሽሮ ሜዳ ዳገቱ ላይ ቆሞ ጠብቋት፣ ጥቅሉን ሁሉ ከታክሲ አውርዶ በትከሻው ወደ ሱቁ ጓዳ አመላለሰው። ቤቱ ውስጥ አንዲት ክር አልቀረችም፤ ግድግዳው ሳይቀር ታጠበ። በሚቀጥለው እሁድ ሩፋይዳ እንደገና ታመመች። ለጀና የመጣላት መልስ አንድ ብቻ ነበር፤ ከልብሴና ከፀጉሬ ላይ ነው። እንግዲያው እኔው ልውጣ። ኑሕ ሽማግሌ ልላክ ሲላት እሺ ያለችው ስለምትወደው ነው፤ ቶሎ በል ያለችው ግን ስለ እህቷ ነው። ይህን ሁለተኛውን ለማንም አልተናገረችም።

«መህርሽን አስበሻል?» አሏት እናቷ በዚያ ሳምንት። ሙሽራዋ ከባሏ የምትጠይቀው ስጦታ ነውና ኒካሁ ያለ እሱ አይሆንም።

«አልመጣልኝም እማ።»

«ወርቅ በያ። ምን ያስጨንቃል?»

ጀና ግን ወርቅ ማለት አልሆነላትም። እደርስበታለሁ ብላ ተወችው።

እሁድ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። የሚናገሩት የኑሕ አጎት ሐጂ ኢክረማ ናቸው፤ ከእሳቸው ጋር አንድ የሰፈራቸው አዛውንትና ጋሽ በዳሳ አሉ። ጋሽ በዳሳ ለኑሕ ሲሉ የዚያን ቀን ከቤተ ክርስቲያን ቀርተው፣ ለክት ያስቀመጡትን ጋቢ ለብሰው ነው የመጡት። ኑሕ አብሯቸው የለም። ጠያቂው ልጅ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ተረኛ ስለሆነም ሥራው ላይ ነው። ወደዚያ ግቢ እግሩ ደርሶ አያውቅም፤ ከሽምግልና በፊት የልጅቷን በር መርገጥ ነውር ነው።

ቤቱ ጠባብ ስለሆነ አቶ ሸፊ ወንበሮቹን ግቢው ውስጥ ደረደሩ። ሽማግሌዎቹ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው እንደ ወጉ ቆሙ። ጀና ጓዳ ሆና ሩፋይዳን ታቅፋ በበሩ ቀዳዳ ታያለች። ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ ዝም ማለቷን ለደግ ወስዳዋለች።

«አቶ ሸፊ» አሉ ሐጂ ኢክረማ፣ «ዛሬ የመጣነው ልጅዎን ለልጃችን…»

እዚያ ላይ ቆሙ። ነጭ እጅጌያቸው ላይ አንዲት ጥቁር ብናኝ አርፋለች። በጣታቸው ሊያነሷት ሲሉ ጨርቁ ላይ ጥቁር መስመር ሆና ተቀባች። አጠገቧ ሌላ ወደቀች። ከዚያ በአዛውንቱ ቆብ ላይ፣ በጋሽ በዳሳ ጋቢ ላይ፣ ውሃ በተሞሉት ብርጭቆዎች ላይ። ሁሉም ቀና አሉ።

ከቆርቆሮው አጥር ማዶ፣ ልክ በአጥሩ ራስ፣ የፋብሪካው ጭስ ማውጫ አፉን ከፍቷል። ረጅም ነው፤ ግን የቆመው ገደሉ ሥር ስለሆነ ጫፉ የሚደርሰው እነ ሸፊ በር ላይ ነው። ስንት ዓመት እንደ ስልክ እንጨት ያዩት ብረት ነው። አሁን ግን ከውስጡ ወፍራም ጥቁር ጭስ እየተጠቀለለ ይወጣል። የጥር ጠዋት አየር ከባድና ነፋስ የለሽ ነው፤ ጭሱ ወደ ላይ መሄድ አቅቶት ወደ ግቢው ዞረ። የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። አዛውንቱ ማሳል ጀመሩ።

ጓዳ ውስጥ የሩፋይዳ ደረት አፏጨ። ጀና ወጉን ሁሉ ረስታ ልጅቷን ተሸክማ ወጣች። ስትወጣ ጭሱ መሃል ነው የገባችው።

«ፋብሪካው እሁድ ዝግ አይደለም እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ዓሊማ።

«ዝግ ነው» አሉ ጋሽ በዳሳ። ዓይናቸው ከጭስ ማውጫው ጫፍ ወደ ሕፃኗ፣ ከሕፃኗ ወደ ጫፉ ይመላለሳል። ፊታቸው ተለዋውጧል። «ያለው ተረኛው ብቻ ነው።»

«ተረኛው ማነው?» አሉ አቶ ሸፊ።

ጋሽ በዳሳ ወደ ሐጂ ኢክረማ ዞሩ፤ ሐጂ መሬት አዩ። መልሱ የዘገየው ሁለቱም ስላወቁት ነው።

«ልጁ ነው» አሉ ጋሽ በዳሳ። «የመጣንለት ልጅ።»

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ ጀና አታስታውስም። ሐጂ ኢክረማ ሕፃኗን ከእጇ ተቀብለው ወደ መኪናቸው ሲሮጡ፣ እናትና አባቷ ሲከተሉ ታስታውሳለች። መኪናው ሞላ። እሷ ቀረች። እግሯ ግን አልቆመም፤ በቀጨኔ ቁልቁለት፣ በሸክላ ሠሪዎቹ ደጅ፣ በድልድዩ ዞሮ ወደ ፋብሪካው በር ወሰዳት። ዘበኛው ሲያያት ፈገግ አለ። ኑሕ የዛሬውን ሽምግልና ለእሱ ሳይቀር ነግሮታል። የምሥራች ይዛ የመጣች መስሎት ቦይለር ክፍሉን አሳያት።

ኑሕ አካፋ ይዞ ምድጃው ፊት ቆሟል። አጠገቡ በተቃጠለ የሞተር ዘይት የራሰ የክር ብጣሽ ክምር አለ። አፍና አፍንጫውን በሻርፕ አስሯል። ጀና ከሁሉ በፊት ያየችው ያንን ሻርፕ ነው። የራሱን አፍ ሸፍኗል።

ሲያያት ሻርፑን ወደ አንገቱ አወረደና በደስታ ተጠጋት።

«ምን አሉ?» አላት። «እሺ አሉ?»

ጀና ዓይኗን ከክምሩ አላነሳችም።

«ጀና፣ ምን ሆነሻል?»

«ምንድነው የምታቃጥለው?»

«ብጣሹን ነዋ። የሳምንቱን ትርፍራፊ… ማለቴ ሰው ሠራሽ ክር ነው፣ በዘይት ካልሆነ አይነድም። ክፍሉ የሚጸዳው እንዲህ ነው።»

«ለምን እሁድ?»

«በቃ፣ እሁድ ሰው የለም ብለውኛል የፋብሪካው ባለቤት። ሰፈሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። ተቆጣጣሪም አይመጣም።»

«ኑሕ» አለችው፤ ድምጿ ዝግ ያለ ነበር፣ «አንተ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለህ?»

አልገባውም። ትንሽ ፈገግ ሊል ሞከረ።

«እኔስ እሄዳለሁ? ሩፋይዳ ትሄዳለች?»

ያኔ ገባው። አካፋው ከእጁ ወደቀ። በእሱና በእሷ መካከል እሳቱ ብቻ ነበር የሚጮኸው።

«እሁድ ነው የሚያማት ብለሽኝ ነበር» አለ በመጨረሻ።

«ብዬህ ነበር።»

«ጥጡን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«አንተ ነህ።»

የምድጃውን በር ዘጋ፣ የአየር ማስገቢያውን ከደነ፣ ሳይታጠብ ተከትሏት ወጣ። ዳገቱን እሷ ከፊት እሱ ከኋላ ሆነው ወጡት። ያንን ግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጠው በዚህ መልክ ነው። ባዶ ወንበሮች፣ የጠቆረ ውሃ፣ መሬት የወደቀ የሕፃን ነጠላ ጫማ። ወደ አጥሩ ተጠግቶ የጭስ ማውጫውን ጫፍ አየ። እጁን ቢዘረጋ የሚነካው ይመስላል።

«ከታች ሲያዩት ሰማይ የነካ ነው የሚመስለው» አለ።

ጀና ይህን ስትሰማ ሌላ ነገር መጣባት፤ ከሁሉም የባሰው እሱ ነው። ዓርብ ዓርብ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ያሳቃት፣ የነጠላውን ጫፍ የያዘላት፣ ያ ሁሉ ዓርብ የተገዛው በእሁድ ነው። እሷ ስትስቅ እህቷ ስትከፍል ኖራለች። ማንም በክፋት ያደረገው አይደለም፤ እንዲያውም ሁሉም በደግነት ነው። ለዚህ ነው የሚዘገንነው። ክፉ ቢሆንማ ትጠላውና ያርፍላት ነበር።

«ሂድ» አለችው። «አሁን ላይህ አልችልም።»

ሄደ።

ሩፋይዳ ጤና ጣቢያ ኦክስጅን ተደርጎላት እስከ ማግስቱ ቆየች። ዶክተር ሄራን የአቶ ሸፊን የጠቆረ ትከሻ አይታ ነገሩን ከሰማች በኋላ፣ «ልብሳችሁ ላይ ያረፈው ትልልቁ ነው» አለቻቸው። «እሷ ደረት ውስጥ የገባው በዓይን የማይታየው ነው። እናንተም ስትስቡት ኖራችኋል።» አቶ ሸፊ ትከሻቸውን ዞረው አዩ። ከጥጥ ጋር ሲጣሉ የከረሙበት ጊዜ ሁሉ ነበር ፊታቸው ላይ የሚታየው።

ጀና የኑሕን ስልክ አላነሳችም። ያዘነች ሰው ግን እጇን አጣጥፋ አትቀመጥም። ለሽማግሌዎቹ ልብሳችሁን አታጥቡት ብላ ላከችባቸው። ጋቢዎቹን ሰብስባ ብክለት ወደሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ይዛ ሄዳ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋቻቸው። ፋብሪካውን በሥራ ቀን እንዳዩት፣ ጭሱ ቀላል የእንጨት ጭስ እንደነበረ ነገሯት። በሥራ ቀን ያላቃጠለውን በሥራ ቀን አታገኙትም አለቻቸው። እንመጣለን አሏት።

ሳይመጡ በፊት ታች ሌላ ነገር ሆነ። ይህን የነገሯት ጋሽ በዳሳ ናቸው፤ አንድ ቀን ሱቁ መጥተው፣ ኑሕ እንዳልላካቸው አስቀድመው ምለው ጀመሩ።

ኑሕ በዚያው ሳምንት የፋብሪካው ባለቤት ፊት ቀርቦ ከእንግዲህ እሁድ እንደማያቃጥል ተናገረ። ባለቤቱም አላዘኑም፤ እንግዲያው ዓርብ ቀትር ላይ ይደረግ አሉ፣ ያኔ እሱም መስጊድ ነው፣ አያይም። ለካ ያ ጭስ የቆመው በአንድ ሰው ደግነት ላይ ነበር፤ አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ደግነት ሊያዞሩት ነው። ጋሽ በዳሳ ያን ጊዜ ከጀና የተመለሰላቸውን ጋቢ የቢሮው ጠረጴዛ ላይ ዘረጉትና፣ «ይህን ለብሼ ነው ሚስት ልጠይቅለት የሄድኩት» አሉ። «ዓርብም ሆነ እሁድ እኔ አላነደውም።» የቦይለር ክፍሉ ሰዎች በሙሉ ከኋላቸው ቆመው ነበር። ተቆጣጣሪዎቹ በሳምንቱ ሲመጡ ምን እንደተቃጠለ ለመናገር አንድ ሰው አስፈለገ። ኑሕ አንድ ጆንያ ብጣሽ ይዞ ወጣ። «የተቃጠለው ይሄ ነው፤ ያቃጠልኩትም እኔ ነኝ» አለ። ብጣሹ በጭነት መኪና እንዲወጣ ታዘዘ። ኑሕም በዚያው ቀን ከሥራ ወጣ።

«አሁን የት ነው ያለው?» አለች ጀና፤ ሳታስበው ነው ያመለጣት።

«ልብስ ማጠቢያ ቤት ገብቷል» አሉ ጋሽ በዳሳ። «በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ቦይለር አላቸው። የሆቴል አንሶላ ያጥባል።»

ልብስ አጣቢ። ጀና ከዚያ ክፉ እሁድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ዕንባ ሆነ። ጋሽ በዳሳ ወደ መንገዱ እያዩ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

በሚቀጥለው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ኑሕን አየችው። ከመንገዱ ማዶ፣ ሚኒባሶቹ የሚቆሙበት ቦታ ቆሟል። አይሻገርም። ክብደት ቀንሷል፣ እጆቹ ግን ነጥተዋል፤ ከዚያ ማዶ እንኳ ይታያል። ጀና ነጠላ እየቋጨች ነበር፤ ሌላኛው ጫፍ ጭኗ ላይ ወድቋል። ረጅም ጊዜ አየችው። ተናዳበታለች፣ ናፍቃዋለች፤ የትኛው እንደሚበልጥ መለየት አቅቷታል። ከዚያ የወደቀውን ጫፍ አንስታ ወደ እሱ ዘረጋችው።

መንገዱን ተሻግሮ መጣ፣ ያዘው። ትንፋሹ በክሩ በኩል ይሰማታል።

«ሩፋይዳስ?» አለ።

«ያለፈውን እሁድ ስትጫወት ዋለች» አለች። ከዚያ ቀና ሳትል፣ «አጥብቀህ ያዝ» አለችው።

ሽማግሌዎቹ በድጋሚ መጡ። እነዚያው ሦስቱ፣ በታጠበ ልብስ። አቶ ሸፊ ልጃቸው መህሯን እንደቆረጠች፣ እሳቸው ግን እንዲህ ያለ መህር ሰምተው እንደማያውቁ ተናገሩ። ነጭ ጋቢ ነው። ኑሕ ገዝቶ ያመጣል። እሁድ ጠዋት እዚህ ግቢ ገመድ ላይ ይሰቀላል፤ እስከ ቀትሩ የዙህር ሶላት ነጭ ሆኖ ከቆየ ኒካሁ ይታሰራል።

«ነጭ ሆኖ ካልቆየስ?» አሉ ሐጂ ኢክረማ።

«ታጥቦ ለሚመጣው እሁድ ይሰቀላል፤ እሱም ካልሆነ ለሚቀጥለው» አሉ አቶ ሸፊ። «ልጅቷን ታውቋታላችሁ።»

በቀጠሮው እሁድ ጋቢው ገመዱ ላይ ዋለ። ሽማግሌዎቹም፣ ኒካሁን የሚያስሩት ሼህም፣ ዘመድም ጎረቤትም ወንበር ይዘው እሱኑ ሲያዩ አረፈዱ። ሙሽራ ሲጠበቅ የታየ ነው፤ ጋቢ ሲጠበቅ ግን ቀጨኔም አይታ አታውቅም። ኑሕ ቁርስ አልቀመሰም። ጭስ ማውጫው አጥሩ ማዶ ዝም ብሎ ቆሟል። ሩፋይዳ በጋቢው ሥር እየሾለከች ትሮጣለች፣ ሩጣም ትስቃለች፤ ወይዘሮ ዓሊማ ሳቋን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

የዙህር አዛን ተሰማ። ጀና ከቤት ወጥታ ወደ ገመዱ ሄደች፤ ኑሕ በሌላው በኩል ቆመ። ከላይ ጀምራ እስከ ታች በዓይኗ መረመረችው። ነጭ ነው። ጥለቱ ላይ ስትደርስ ቆመች። አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች፤ ከመርፌ ጫፍ አትበልጥም።

«አየሃት?» አለችው በሹክሹክታ።

«አየኋት።» ወደ ጭስ ማውጫው ዞረ። «ጀና፣ ወላሂ ታች ዛሬ ምንም አልነደደም።»

«አውቃለሁ።»

ከጭስ ማውጫው አሻግራ አየች። ከቀጨኔ በታች ከተማው ተዘርግቷል፤ በቀትር ፀሐይ ላዩ ላይ ቡናማ ጉም ተኝቷል። እስከዛሬ ጭጋግ ነው ስትል የኖረችው እሱን ነው። ከየት እንደመጣች የማትታወቅ ይህች አንዲት ነጥብ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የተላከች ናት። ድንጋጤው እንደገና ያዛት፤ ዘንድሮ የዘጉት አንድ የጭስ አፍ ብቻ ነው። ሰዉ ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃታል።

ጣቷን አላረጠበችም፤ አላሸችውም። የጋቢውን ጫፍ ይዛ ሌላውን ለኑሕ አቀበለችው፤ አንድ ላይ አራገፉት።

«ይቺንስ አብረን እንፈልጋታለን» አለችው፣ «ከየት እንደመጣች።»

«አብረን» አለ።

ጀና ጋቢውን ትከሻዋ ላይ አደረገችና ወደ አባቷ ዞረች።

«አባ፣ መህሬን ተቀብያለሁ በላቸው።»